ጉልላቱን በመክፈትና በመዝጋት

ጥቅምት 9

እትዬ፣

ማሞቂያው ይሠራል ወይ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ከእሱ ልጀምር። አይሠራም። ጋሼ ቅባት፣ እጁ ከግሪስ ጸድቶ ስለማያውቅ ሁላችንም እንዲህ የምንለው የቴሌስኮፑ ጉልላት መካኒክ፣ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጥሞታል። በሦስተኛው «ይሄ ማሞቂያ ሳይሆን የማሞቂያ ፎቶ ነው» ብሎ ተወው። በካፖርት ነው የምተኛው። እንግዲህ ጤናዬን በተመለከተ፣ በካፖርት ውስጥ ደህና ነኝ።

እማዬ «ትንሿ ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራራ ላይ ምን እየፈለገች ነው?» ብላ ጠይቃሽ መልስ እንደጠፋሽ ጽፈሽልኛል። አንድ የምርምር ክፍል ኃላፊ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥማት ያሳዝናል። እንዲህ በያት።

ጋላክሲዎች ተሰብስበው ይኖራሉ፤ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ሆነው። በስብስቡ መሃል አንዲት ግዙፍ ጋላክሲ ትቀመጣለች። እኛ እዚህ እመቤቲቱ እንላታለን። ትንንሾቹ በአጠገቧ ባለፉ ቁጥር ከዋክብታቸውን ትመነጭቃቸዋለች። ከፊሉን ትውጠዋለች። ከፊሉ ደግሞ ከቤቱ ተነቅሎ እሷም ዘንድ ሳይደርስ በመሃል ይቀራል። የማንም ያልሆኑት የእነዚያ ከዋክብት ብርሃን ተደምሮ እንደ ስስ ጭጋግ በስብስቡ ላይ ተበትኖ ይታያል። ከጨለማው ሰማይ ብርሃን እንኳ መቶ እጅ የደከመ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እመቤቲቱ የገዘፈችውና ይህ ብርሃን የተበተነው በአንድ ዘመን ነው ወይስ በተለያየ? አብረው ነው ያደጉት? ይህን ነው የምፈልገው በያት።

የአሥራ አንዱን ስብስብ ምስል አንስቼ ጨርሻለሁ። አሁን የቀረኝ ልኬቱ ነው። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ሰው ማየት የፈለገውን ያይበታል፤ ስለዚህ አንቺው ያስተማርሽኝን አድርጌያለሁ። ፕሮግራሙ ከአሥራ አንዱ የተወሰኑትን በዕጣ ይመርጣል፤ ከእመቤቲቱ ከራሷ ጠርዝ ላይ ብርሃን ቆርጦ እዚያው ምስል ላይ ሌላ ቦታ ይለጥፋል። ዘር እንለዋለን። የትኞቹ ላይ እንደተዘራ እኔም አላውቅም። ዝርዝሩ ታትሞ ሲወጣ ያነሳው ጋሼ ቅባት ነው፤ በፖስታ አሽጎ የመፍቻ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። ልኬቴን ስጨርስ ፖስታው ይከፈታል፣ ዘሩ ይነቀላል፣ እውነተኛው ይቀራል። ሒሳብ ስታስጠኚኝ መልሱን በፖስታ አሽገሽ ለእማዬ ትሰጫት ነበር። «መልሱን ቀድመሽ ካየሽ እጅሽ ወደዚያ ይጎትትሻል» ትይኝ ነበር። ይኸው ዛሬም እማዬን በጋሼ ቅባት ተክቼ እየሠራሁበት ነው።

የጠየቅሽውን፣ ምስሎቹ ያሉበትን ዲስክ ቅጂ ደብዳቤያችንን በሚያመላልሰው የጣቢያው ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ። ለጥንቃቄ ነው ካልሽ ለጥንቃቄ ይሁን። ግን ፖስታው ስላልተከፈተ በውስጡ ያለው ምስል ሁሉ ገና ከነዘሩ ነው። ለማንም አታሳዪው።

የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን መቼ ነው? ኢሜይሉን ጸሐፊሽ ስለምታነበው በወረቀት ነው የምጠይቅሽ። «ስድስት ወር ብቻ» ብለሽ ነበር የላክሽኝ።

ጭራሮሽ
(ስሙን ያወጣሽልኝ ከሲታ ስለነበርኩ ነው፤ አሁን ብታዪኝ ትኮሪበታለሽ)


ኅዳር 2

ጭራሮዬ፣

አዎ፣ ዲስኩ ደርሶኛል። አዎ፣ የእማዬ ጉልበት ተሽሎታል። የማሞቂያሽን ጉዳይ ለአስተዳደር አስተላልፌያለሁ። ረጅሙን ደብዳቤሽን በመኪና ውስጥ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ስሄድ በየመሃሉ አነበብኩት፤ መቼም አጭር ነገር አትጽፊም።

ስለ ጋላክሲዎቹ የነገርሽኝን ለእማዬ በእራት ሰዓት ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀምጣ አሰበችና «ታዲያ እነዚያ የተነቀሉት ከማን ጋር ይቆጠራሉ?» አለችኝ። «ከእመቤቲቱ ጋር» አልኳት። ሳቀች። አንቺንም ያስቅሻል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ባለፈው ሳምንት በላክሽው ማስታወሻ በመጋቢቱ ጉባኤ ላይ ማን እንደሚናገር ጠይቀሽኛል። ገና አልተወሰነም። «ለምን በክፍሉ የሴሚናር ዝርዝር ላይ ስሜ የለም?» ላልሽው ደግሞ፣ ዝርዝሩ ከተማ ላሉት ነው። አንቺ ተራራ ላይ ነሽ። ይህን ያህል ቀላል ነው።

የመመረቂያሽን ቀን ግን በየደብዳቤው አትጠይቂኝ። ኃላፊ ስትሆኚ የእህትሽን ጉዳይ ከሌሎቹ ማስቀደም እንደማትችይ ይገባሻል። ሰው ምን ይላል? አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ጊዜ አለሽ። ታገሺ።

እማዬ ሹራብ ጀምራልሻለች።

እትዬ


ጥር 6

እትዬ፣

ዝም ያልኩት ታምሜ ነው ብለሽ በሾፌሩ በኩል አስጠይቀሽኛል። አልታመምኩም። እያነበብኩ ነበር።

መጽሔቱን ለጣቢያው ቤተ መጻሕፍት ያመጣው ያው ሾፌሩ ነው። ሽፋኑ ላይ የእኔ ስድስተኛ ስብስብ አለ። «የተበተነው ብርሃንና የመሃል ጋላክሲዎች አብሮ ማደግ» ይላል ከሥሩ። ደራሲ፦ አንቺ። ብቻሽን። አሥራ አንዱም ስብስብ፣ እያንዳንዱ ምስል፣ የስዕሉ መስመር ቀለም ሳይቀር የእኔው ነው። ሰማያዊውን የመረጥኩት ቀዩ ቀለም ስላለቀብኝ ነበር፤ አንቺ ቀይ እያለሽ ሰማያዊ ማድረግሽ ገረመኝ።

ስሜን እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለግኩት። ሾፌሩ በትከሻዬ ላይ ሲያይ ቆይቶ ጣቱን ከታች አስቀመጠ። «ስምሽ የለም እንጂ አንቺስ አለሽ» አለኝ። «ጉልላቱን በመክፈትና በመዝጋት ለተባበረችኝ ታናሽ እህቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።»

ለጋሼ ቅባት ጮክ ብዬ አነበብኩለት። መፍቻውን አስቀመጠ። «ጉልላቱን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ፤ የእኔንም ወሰደችብኝ እንዴ?» አለ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ ሳቄን ማቆም አቃተኝ፤ እሱ ውኃ አመጣልኝ።

አልቅሼ አልጽፍልሽም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ በአንድ መስመር መልሽልኝ። የሠራሽው ከየትኛው ምስል ነው? እኔ ከላክሁልሽ ዲስክ ወይስ ከቴሌስኮፑ ጥሬ ምስል? «ከዲስክሽ ወስጄዋለሁ» ብለሽ ከጻፍሽልኝ አንቺን የሚጠቅም አንድ ነገር እነግርሻለሁ። ይህን የምለው ላስፈራራሽ አይደለም። ልጠቅምሽ ነው። ግን መጀመሪያ ጻፊልኝ።

ጭራሮ


ጥር 20

እህቴ፣

ቁጣሽን ጠብቄው ስለነበር አልደነገጥኩም። ጋሼ ቅባት የሚባለው ሰውዬ የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ እንደ ቀልድ ማውራቱን ግን አልወደድኩትም፤ ንገሪው።

ጥያቄሽን እመልሳለሁ። ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጄ፣ ከጥሬው ምስል የሠራሁት ነው። በጽሑፍ ከፈለግሽው ይኸው በጽሑፍ። ከአንቺ ምስል ጋር ቢመሳሰል የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሰማዩ አንድ ነው፣ ያስተማርኩሽም እኔ ነኝ። የምትነግሪኝ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል አይታየኝም፤ መስማትም አያስፈልገኝም።

ቴሌስኮፑን በስምሽ የጠየቀልሽ ማን ነው? ፊደል ያስቆጠረሽስ? በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሆነን ስናጠና መብራቱን ወደ አንቺ የሚያዞረው ማን ነበር? አንዴ ይህን አስቢና ከዚያ ተቆጪ።

አሁን ስለ መመረቂያሽ ቀን። ርዕሱ ታትሞ ስለወጣ በእሱ ላይ ልትመረቂበት አትችይም። አዲስ ርዕስ መምረጥ ይኖርብሻል። ሁለት ሦስት ሐሳብ አለኝ፤ በሚቀጥለው እልክልሻለሁ። አንድ ዓመት ተኩል ቢፈጅብሽ ነው።

በመጋቢት 15 በጉባኤው የመክፈቻውን ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ። እማዬ የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ለቀኑ የሚሆን ጫማ ገዝተንላታል። አንቺ ባትመጪ ይሻላል። ሆድሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ፊትሽ ላይ ይነበባል፤ እሷን ታሳዝኛታለሽ።

እትዬ


የካቲት 1
(ያልተላከ)

እትዬ፣

ይህን ሳትጠይቂኝ ነው የምጽፍልሽ።

ከትናንት በስቲያ ከምሳ በኋላ ጋሼ ቅባት የመፍቻ ሳጥኑን ከፍቶ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። «ክፈችው፤ አንድ ሰው እኮ ሳይከፍት አትሞታል» አለ። ከፈትነው። የተከፈተበትን ቀን ፖስታው ጀርባ ላይ ጻፍን፣ ሁለታችንም ፈረምን፤ ጥር 29።

ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ላይ ተዘርቷል። አንቺ እመቤቲቱና የተበተነው ብርሃን አንድ ቀለም፣ አንድ ዕድሜ አላቸው ብለሽ የጻፍሽው በእነዚያ ሰባት ነው። አንድ ቀለም ያላቸው ፕሮግራሜ ከእሷው ቆርጦ ስለለጠፈው ነው። እሷን ከራሷ ጋር አወዳድረሽ ነው ተመሳሰሉ ያልሽው።

ሽፋኑ ላይ ያወጣሽውን ስድስተኛውን ስብስብ አጉልተሽ እዪው። ከእመቤቲቱ በስተግራ አንዲት ጠብታ የምታህል ጋላክሲ አለች። የተቆረጠው ብርሃን ውስጥ ስለነበረች አብራ ተለጥፋለች። በስተቀኝም ያቺው ራሷ አለች። አንድ ቀን አንድ ሰው ያያታል። አንድ ብቻ ይበቃል።

ከጉባኤው በፊት ጽሑፉን መልሰሽ ውሰጂው። ምክንያቱን ራስሽ ፍጠሪ። ሰው ሳያውቅ ማለፍ የምትችይበት ስድስት ሳምንት አለሽ። ስሜን እንኳ አልጠይቅሽም። እማዬ አዲስ ጫማ አድርጋ ፊት ለፊት ተቀምጣ እንድታይ አልፈልግም።

ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። «ልጅቷ፣ መንገዱ ሳይጨልምብኝ» ይላል። ይህን ከማሸጌ በፊት የጥር 20 ደብዳቤሽን አንዴ ደግሜ አነበብኩት።

አዲስ ርዕስ መምረጥ ይኖርብሻል።

እዚህ መስመርሽ ላይ ስደርስ ማሸጉን ተውኩት። ይህ ደብዳቤ አይሄድም።


የካቲት 1

እትዬ፣

መልስሽ ደርሶኛል። ከጥሬው ምስል ነው ካልሽ ከጥሬው ነው። እንግዲያው የምነግርሽ ነገር የለኝም።

ለሽፋኑ የመረጥሽው ምስል ግን በጣም ያምራል። ንግግር ስታደርጊ እሱን በትልቁ አሳዪው፤ ግድግዳውን ሙሉ ይሁን። እማዬ ዓይኗ ስለደከመ ፊት ለፊት ማስቀመጥሽ ጥሩ ነው።

ሾፌሩ ቸኩሏል።

ጭራሮ


መጋቢት 17

እህቴ፣

ማንም ምንም ሳይጨምርበት ከእኔው ስሚው ብዬ ነው።

ንግግሩ መልካም ነበር። ሰዉ ቆሞ አጨብጭቧል። ከዚያ ጥያቄ ተከፈተ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ መነጽሯ ከፊቷ የሰፋ፣ እጇን አወጣች። «ይቅርታ፣ ያቺ ትንሽ ጋላክሲ በሁለቱም በኩል ያለችው ለምንድነው?» አለች። እንደ አንቺ ነው ድምፅዋ፤ ትሕትና ያለው ይመስላል እንጂ የለውም።

«የመስታወት ነጸብራቅ ነው» አልኳት።

«ነጸብራቅ ቢሆን ተገልብጣ ትታይ ነበር። ይቺ ግን አልተገለበጠችም» አለች።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሰው። ሰብሳቢው ምስሉን አጉሉት አለ፤ አጎሉት። ግድግዳውን ሙሉ ነበር። የቀረውን አልጽፍልሽም። እማዬ በመኪና ውስጥ «ምን ብለው ነው የሳቁት?» እያለች ቤት እስክንደርስ ስትጠይቀኝ ነበር። ጫማዋን ራሷ አወለቀች።

ትናንት የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጥሬውን ምስል ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ከታተመው ጋር አመሳክሯል። ያቺ ጠብታ በጥሬው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ናት።

ዲስኩ ላይ ምን አድርገሻል? ዛሬውኑ መልሽልኝ፤ ሾፌሩ እዚያው ቆሞ እንዲጠብቅሽ ነግሬዋለሁ።

እትዬ


መጋቢት 18

እትዬ፣

ዲስክ? የቱ ዲስክ? አንቺ የሠራሽው ከጥሬው ምስል ነው፤ በጽሑፍ አለኝ።

ዲስኩ ላይ ምን እንዳደረግኩ ግን ጥቅምት 9 ነግሬሻለሁ። የዘሩንም፣ የፖስታውንም፣ «ለማንም አታሳዪው» ያልኩትንም። ደብዳቤው ካልጠፋብሽ አሁን አንብቢው። በመኪና ውስጥ ሳይሆን ቁጭ ብለሽ።

ሾፌሩ ይህን እስክጽፍ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

ጭራሮ


ሚያዝያ 5

ጭራሮዬ፣

አንብቤዋለሁ። ሁሉም አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ በጥሩ ጽሕፈት፣ ምንም ሳይደበቅ። አልደረስኩበትም ነበር። የማሞቂያው ወሬ ላይ አቆምኩ፤ ከዚያ የእማዬን ብቻ ፈልጌ አነበብኩ።

አዎ፣ ወስጄዋለሁ። ይህን እንድጽፍልሽ ነው የፈለግሽው፤ ይኸው። ዘጠኝ ዓመት የሌሎችን የፈቃድ ወረቀት ስፈርም፣ የሌሎችን ስም ሳስተዋውቅ ኖርኩ። በዘጠኝ ዓመት አንድ ምስል አላነሳሁም። አንድ ቀን ዲስክሽን ከፈትኩና ያ ብርሃን ታየኝ። ገና ሳየው የእኔ መሰለኝ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ታገኛለሽ አልኩ። እንደ ሌባ አልተሰማኝም፤ እውነቴን ነው። እንደ ታላቅ እህት ነው የተሰማኝ።

አሁን ስሚኝ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ሳምንት በቀጥታ ይጽፍልሻል፤ ምስሉን ያዘጋጀው ማነው ብሎ ይጠይቅሻል። እኔ አስቀድሜ የእርማት ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ስምሽ ከስሜ ቀጥሎ ይገባል፤ ሁለተኛ ደራሲ። ከሥሩ ደግሞ «ምስሎቹን ያዘጋጀችው ሁለተኛዋ ደራሲ ናት፤ የሙከራውን ዘር ሳትነቅል በስሕተት አስተላልፋቸዋለች» ይላል። የሥራ ላይ ስሕተት ነው፤ በስሕተት የተባረረ ሰው የለም። እኔ ግን የሰው ሥራ ወስዳለች ተብዬ ከተያዝኩ ወንበሬም ቤቱም ይሄዳል። ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እማዬ ያለችው እዚያ ነው።

ስምሽን አልነበር የጠየቅሽኝ? ይኸው ሰጠሁሽ። እሺ በይኝ።

እትዬ

ከታች የጻፈችው እማዬ ናት። ጻፊ አላልኳትም።

ልጄ እንደምን አለሽ። ሹራቡ አልቋል። እህትሽ እንቅልፍ የላትም እህል አትቀምስም። ነገሩ አይገባኝም ግን አንቺ ጥፋቱን ብትወስጂው ቀላል ነው ትላለች። እባክሽ ስምሽን ስጫት። እናትሽ


ሚያዝያ 19

እትዬ፣

እሺ ወይም እንቢ እንድልሽ ሁለት ሳምንት ጠብቀሻል። መልሱን ከኮሚቴው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ለእነሱ የጻፍኩትን ቅጂ ልኬልሻለሁ።

አንድ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ፤ በታተመው ሥራ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ምን ነበር? እንዲህ ብዬ መለስኩ። «ድርሻዬ ታትሞ በወጣው ምስጋና ላይ እንደተገለጸው ጉልላቱን በመክፈትና በመዝጋት መተባበር ነበር። የቀረውን ሥራ ማን እንደሠራውና ከየትኛው ምስል እንደተሠራ ደራሲዋ በጥር 20 ደብዳቤያቸው በእጅ ጽሑፋቸው ገልጸዋል፤ ተያይዟል።» ከእሱ በላይ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ሁሉም ያንቺ ቃል ነው። በምርምር ሕይወቴ ያንቺን ሥራ ስጠቅስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ በትክክል ጠቅሼሻለሁ።

ፖስታውንም አያይዣለሁ። ጀርባው ላይ ጥር 29 የሚለው አለ። ጋሼ ቅባት አየውና «ልጄ፣ ይህ ቀን አንቺንም ይበላሻል። አውቀሽ ስድስት ሳምንት ዝም እንዳልሽ ይናገራል» አለኝ። «ይብላኝ» አልኩት። «ልደልዘው? ግሪስ እንደነካው ቢመስል ማን ያውቃል» አለ። እጁን ያዝኩት። በስሕተት ነው ያስተላለፈችው እንዲሉኝ አልፈልግም። ስሕተት አልሠራሁም። አንቺን ማዳን እችል ነበር፤ አላደረግኩትም፤ ይህንንም በቀኑ ይወቁት። የካቲት 1 ጽፌልሽ ያልላክሁትን ደብዳቤ ለአንቺ ብቻ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። መዳንሽ ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ራስሽ ለኪው።

ዛሬ ጠዋት የእነሱ መልስ መጣ። ማጣራቱ እስኪያልቅ ሁለታችንም ታግደናል። እስከ ሰኞ ተራራውን እንድለቅ ታዝዣለሁ። ወዴት እንደምሄድ አልጻፉም፤ እኔም አልነግርሽም።

ልኬቱን ግን ጨርሻለሁ። ዘሩን ነቅዬ፣ ከዜሮ። እውነቱ ያንቺ የእኔ የማይል፣ እንደ አንቺ መስመርም ያላማረ ነው። የእመቤቲቱ ልብ ቀድሞ ለብቻው ነው የተሠራው። ቀሚሷ ግን፣ ያ ሰፊው ጠርዟ፣ ከተበተነው ብርሃን ጋር በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዘረፋ ነው ያደገው። አብረው ያደጉት እሷ ስላሳደገችው አይደለም። የቀማችው ውስጧ የገባው ግዝፈት ሆናት፤ ከእጇ ያመለጠው ብርሃን ሆነ። በስሜ አሳትመዋለሁ። የሚያትመው ካላገኘሁ በግድግዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

ለእማዬ ይህን አንብቢላት፤ አንድም ቃል ሳትዘልዪ። «እማዬ፣ ድሮ መልሱን በፖስታ ስንሰጥሽ ለሁለታችንም እኩል ትጠብቂ ነበር። እትዬ አንዴ እኔ የሰጠሁሽን ሰርቃ ልታይ ስትል እጇን መትተሻታል፤ አስታውሳለሁ። አሁን ዓይንሽ ስለደከመ አልፈርድብሽም። ሹራቡን ለእሷ ስጫት፤ ቤቱን ሲያስለቅቋችሁ ይበርዳታል። የተነቀሉት ከማን ጋር ይቆጠራሉ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ከማንም ጋር አይቆጠሩም።»

ማሞቂያው ትናንት ተሠራ። አስተዳደር አንቺ ኅዳር ላይ የጻፍሽውን ማመልከቻ አሁን ነው ያየው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዛሬ ረፋድ ላይ ጋሼ ቅባትን «ጉልላቱን አንዴ እኔ ልክፈተው፣ እኔ ልዝጋው» አልኩት። በሁለት ዓመት ተኩል መዘውሩን ነክቼው አላውቅም፤ አያስነካም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፈቀቅ አለልኝ። በጣም ይከብዳል፤ በሁለት እጅም አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር። ከፈትኩት፣ ሰማዩን አየሁት፣ ዘጋሁት።

እንግዲህ ምስጋናሽ አሁን እውነት ሆኗል። ከጽሑፍሽ ውስጥ እሱን አታርሚው።

ጉልላቱን በመክፈትና በመዝጋት የተባበረችሽ
ታናሽ እህትሽ